የማን ቅዳሜ፣ የማንስ እሑድ?

አገር ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ማለዳ በጎንደር ከተማ ጎዳናዎች ላይ ሁለት ዓይነት ጉዞ ይታያል። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡት ገበሬዎች እህላቸውን በአህያ ጭነው፣ ሴቶቹም ቅቤና ዶሯቸውን ይዘው ወደ ገበያ ይጎርፋሉ። በዚያው ሰዓት የከተማው ልጆች፣ አንዱ የኳስ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ሌላው የሥዕል ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ከየቤታቸው ይወጣሉ። ወላጆችም አንዱን ልጅ ከሜዳ አድርሰው ሌላውን ከኮምፒዩተር ትምህርት ለማድረስ፣ የሦስተኛውንም መመለሻ ሰዓት ለመጠበቅ ሲጣደፉ ይውላሉ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ የዕረፍት ቀናት እንደ ዋዛ ያልፋሉ።

ወላጆች ለልጆቻቸው የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ሲሉ መድከማቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ከቤት የወጡትን ልጆች ስንቆጥር ከቤት የቀሩትንም መቁጠር ይገባናል። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲሄድ ሣፋ ፊት የምትቀመጠው እኅት፣ ሁሉንም ሸኝታ ወደ ምጣዷ የምትመለሰው እናት የዚያው ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ የልጆች ዝንባሌ የሚዳብርበት ጊዜ ነው ሊባል የሚችለው፣ የቤቱ ሥራ ለሁሉም ተከፋፍሎ የደስታውም ሰዓት ለሁሉም ሲዳረስ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ማለት ሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ደመወዝም ሆነ የፈተና ውጤት ሳይጠብቅበት፣ ደስ ብሎት የሚሠራው ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ከማሳለፍ የበለጠ ጥቅም አለው። ኳስ የሚጫወት ልጅ መሸነፍንም እንደ ማሸነፍ መቀበልን ይማራል። ሥዕል የምትሥል ልጅ ሌላው አይቶ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብላ ማስተዋልን ትለምዳለች። ማሲንቆ የሚመታ ደግሞ አንዱን ቅኝት ደጋግሞ እስኪያስተካክል ድረስ ትዕግሥትን ገንዘቡ ያደርጋል። እነዚህ ጠባዮች በሰሌዳ ላይ ተጽፈው የሚጠኑ ሳይሆኑ ሰው በሚወደው ሥራ ላይ ሲደክም የሚያገኛቸው ናቸው።

የጎንደር ልጅ ለዚህ የሚሆን አስተማሪ ሩቅ ሄዶ አይፈልግም። ሥዕል የሚወድ ልጅ አፄ ፋሲለደስና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ግንቦች በደጁ ያገኛቸዋል፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትንም የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ሊያይ ይችላል። የሸክላ ሥራ የሚያስደንቀው ከከተማው በስተሰሜን በወለቃ መንደር የሴቶችን የእጅ ጥበብ ሲመለከት ኖሯል። የዱር አራዊትን ማየት የሚሻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበትን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከፊቱ ያገኘዋል። ኳስ የሚወደውማ የፋሲል ከነማን ስም ሰምቶ ያደገ ነው። ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ መውሰዱን የማያውቅ ታዳጊ በከተማው አይገኝም ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። እንግዲህ የጎደለው የሚታይና የሚሠራ ነገር አይደለም። የጎደለው ለሁሉም የሚበቃ ሰዓት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ከከባድ ሥራ ማረፍ ለአገራችን እንግዳ ልማድ አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚኖረው ክርስቲያን ገበሬ በእነዚህ ቀናት ሞፈሩን አንሥቶ ሞፈርና ቀንበሩን ያሳርፋል፤ በሬዎቹም ያርፋሉ። ነገር ግን በሬ ባረፈበት ቀን ውኃ የምትቀዳዋ ልጅ አታርፍም። እንስራው ወይም ጀሪካኑ ሰንበትን አያውቅም። በከተማውም እንደዚሁ ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የወጥ ቤት በር ግን አይዘጋም። እንዲያውም የሳምንቱ ልብስ የሚታጠበው፣ የሳምንቱ አስቤዛ የሚገዛው፣ በርበሬው የሚቀነጠሰውና ቤቱ የሚጸዳው ሌላው በሚያርፍበት በቅዳሜ ቀን ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አራዳ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሣል። አባትና እናት ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጆች አሏቸው። ቅዳሜ ጠዋት አባት ታላቁን ልጅ ወደ ኳስ ልምምድ፣ ታናሹን ወደ ሥዕል ትምህርት ይወስዳል። እናት ገበያ ትወርዳለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ታጸዳለች፣ ምሳ ታደርሳለች። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ደክሟቸው ሲመለሱ ምሳ ቀርቦላቸው ይበላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ይመጣል፤ ቡና የምታፈላው እርሷው ናት። ማታ ጎረቤት «ልጆቻችሁ ዕረፍታቸውን እንዴት አሳለፉ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወላጆቹ «ደኅና፤ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ሥዕል ይማራሉ» ብለው ይመልሳሉ። ሦስተኛዋ ልጅ በመልሱ ውስጥ የለችም። ወላጆቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሥራዋ ልማድ ስለ ሆነ ሥራ መሆኑ አልታያቸውም።

ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰው ቤት በተቃረመ ወሬ ብቻ አይደለም። በእኔም ልጅነት ቅዳሜ የኳስ ቀን ነበረች። ከእኔ በሦስት ዓመት የምትበልጠው እኅቴ ከሰል ወይም እርሳስ ካገኘች የግንቡን ማማ በደብተር ጀርባ ላይ ስትሥል ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልብሳችንን ተሸክማ ወደ ቀሃ ወንዝ ትወርዳለች። እኔም እሑድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነሣ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እታለም፣ ማሊያዬ ደርቋል?» እላታለሁ። እርሷም ደርቆ የታጠፈውን ትሰጠኛለች። ዐሥረኛ ክፍል ስትደርስ ሥዕሉን ተወችው። ለምን እንደ ተወችው ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ስጠይቃት፣ «አልተውሁትም፤ ሰዓት አጣሁለት እንጂ» አለችኝ። ማሊያዬን ለማጠብ አንድ ሰዓት እንኳ ይፈጅብኝ እንዳልነበር ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

የገጠሩን ኑሮ ስንመለከት ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በዳባትና በደባርቅ ደጋ እረኛው ከብቱን እየጠበቀ ዋሽንት ይነፋል። መኸር ከገባ በኋላ፣ ገና ሲቃረብ፣ ወንዶች ልጆች ቆልማማ በትር ቆርጠው ሩር ሲመቱ ይውላሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ጨዋታው የልብ ነፃነት የሚገኝበት ስለ ነበረ ነው። ልጃገረዶችም አክርማና ስንደዶ ለቅመው፣ ቀለም ነክረው፣ በወስፌ ሰፌድና ሞሰብ ይሰፋሉ። ስለዚህ ሥራና ጨዋታ ተቀራርበው የሚኖሩበት ይህ ሥርዓት ከከተማው ሩጫ የተሻለ ገጽታ አለው። ሆኖም አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። የወንዱ ልጅ ዋሽንት ዜማ ከመስጠት በቀር ምንም እንዲያስገኝ አይጠበቅበትም። የልጅቱ ስፌት ግን ከቆንጆነቱ አስቀድሞ ለቤት ዕቃነት መዋል አለበት። የእርሱ ደስታ ደስታ በመሆኑ ብቻ ሲፈቀድለት፣ የእርሷ ደስታ የሚፈቀደው ጥቅም ካስገኘ ነው። ሴት ልጅም አንዳንድ ጊዜ ለማንም የማይጠቅም፣ እርሷን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብትሠራ ምን ይጎዳል?

ይህ የእኔ የግል ምኞት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ፣ ሕፃናት የማረፍ፣ የመጫወት፣ በባህልና በሥነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የዚሁ ስምምነት 2ኛ አንቀጽ ደግሞ እነዚህ መብቶች በጾታ ልዩነት እንዳይጓደሉ ያስገነዝባል። እንግዲህ ጨዋታ ወላጅ ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን ለልጅ የሚገባ ድርሻ ነው። ድርሻ ደግሞ በትክክል ሊካፈል ይገባዋል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን አስተያየት ይቃወማሉ። የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሴት ልጅ የቤት ሥራ ካልለመደች ነገ ቤቷን እንዴት ትይዛለች?» የሚል ነው። ሥራ መልመዷን እኔም አልቃወምም። የምቃወመው እርሷ ብቻ እንድትለምድ መደረጉን ነው። ወንዱም ነገ ይበላል፣ ይለብሳል፣ በቤት ውስጥ ይኖራል። ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ብቻውን ቤት ሲከራይ ሽሮ መሥራት የማይችል ወጣት ያልተማረ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ደግሞም ሴት ልጅ ወደ ሜዳ እንዳትወጣ የሚከለክል ቤተሰብ ምን ሊያጣ እንደሚችል ቢያስብ መልካም ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ ያን ድል ከተቀዳጁት ጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ለልምምድ የሚሆን ሰዓት ፈጽማ ባታገኝ ኖሮ ያ ተሰጥዖ ማን ያውቀው ነበር?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ሰው ነው፤ ለድኻ ቤተሰብ ዝንባሌ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የኳስ ጫማ፣ የሙዚቃ መሣሪያና የትምህርት ክፍያ ውድ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ገበጣ ለመጫወት መሬት ላይ ጉድጓድ ማበጀትና ጠጠር መልቀም ይበቃል። ለመሮጥ መንገድ፣ ተረት ለመሰብሰብ የሴት አያት ትዝታና አንድ ደብተር፣ አበባ ለማብቀል አሮጌ ጣሳና አፈር ይበቃል። እነዚህን በመሳሰሉት ዝንባሌዎች የሚጠየቀው ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን ሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ ሥራን በመከፋፈል ይገኛል። ለምሳሌ ያህል የሳምንቱ ልብስ አጠባ በአንድ ሰው እጅ አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ ለአራት ሰዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል። አንዲት ልጅ ሦስት ሰዓት ታገኛለች፤ ሦስቱ ሰዎች አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተማሩ ወላጆች ዘንድ የሚመጣ ነው። «ልጆቻችን ከሌሎች ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ቅዳሜና እሑድን በትምህርት መሙላት አለብን» ይላሉ። ስለዚህ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ቀን እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ኮምፒዩተር፣ እሑድ ደግሞ ሙዚቃ ይደረደራል። ጥናት ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጁ ሳይመርጠው በላዩ ላይ የተከመረ ትምህርት ዝንባሌ ሳይሆን ስድስተኛና ሰባተኛ የትምህርት ቀን ነው። ከዚህም በላይ አራት ቦታ የሚመላለስ አንድ ልጅ የቤተሰቡን ገንዘብና የወላጆቹን ሰዓት ሁሉ ሲወስድ ለእኅቱ ወይም ለወንድሙ የሚተርፍ ነገር የለም። ለአንድ ልጅ አንድ ዝንባሌ ይበቃዋል። አንዱን በሚገባ የያዘ አራቱን ከነካካው ይበልጣል።

ሌላም ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ ወደ ተራሮቹ የታሰበው ጉዞ ይቀራል፤ ሜዳውም ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆች ከእነርሱ ጋር የሚቀረው በግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩት ነገር ነው። ቤት ውስጥ በታፈነ ቤተሰብ መካከል ሥራው በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ ከተጫነ፣ የውጪው ጭንቀት በእርሷ ላይ እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ግን ወንድሞች ሊጥ ማቡካትን፣ እኅቶች ገበጣን፣ አባት ተረት መንገርን የለመዱበት ቤት ክፉ ቀንን ተደጋግፎ ያልፋል። ስለዚህ ሥራንና ደስታን የመካፈል ልማድ ለሰላም ጊዜ ብቻ የሚሆን ጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ዓርብ ማታ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አንድ ወረቀት ይዘርጋ። በአንድ ወገን የሁለቱ ቀናት የቤት ሥራ ሁሉ፣ ትንሹም ሳይቀር ይጻፍ፤ አጠባው፣ ገበያው፣ ጽዳቱ፣ ምግቡ፣ ዕቃ ማጠቡ ይዘርዘር። በሌላው ወገን የእያንዳንዱ ሰው ዝንባሌና የሚያስፈልገው ሰዓት ይጻፍ። የእናትም ስም አይረሳ። እርሷም ከመጽሐፍ፣ ከስፌት ወይም ዝም ብሎ ከመቀመጥ የምትወደው አንድ ነገር ይኖራታል። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደየአቅሙ ይደልደል። ከዚያም እሑድ ማታ እያንዳንዱ የሠራውን ለሌሎቹ ያሳይ። ሥዕሉ ይታይ፣ ዜማው ይሰማ፣ ኳሱም በአፍ ይተረክ። ወላጅ ልጁን ከሜዳ አድርሶ ከመመለስ ይልቅ እንዲህ ያለውን ግማሽ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ቢቀመጥ የበለጠ ያውቃቸዋል።

በመጨረሻ ንግግሬ ወደ እናንተ ወደ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይሆናል። ይህን ለማድረግ የወላጆቻችሁን ትእዛዝ መጠበቅ የለባችሁም። አንተ ወንድም የሆንክ ተማሪ፣ በመጪው ቅዳሜ ወደ ሜዳ ከመውጣትህ በፊት የገዛ ማሊያህን አንተው እጠብ፤ ከዚያም እኅትህን ምን መሥራት እንደምትወድ ጠይቃት። ምናልባት ያን ጥያቄ ከማንም ሰምታው አታውቅ ይሆናል። አንቺም እኅት የሆንሽ ተማሪ፣ የምትወጂውን ሥራ በወረቀቱ ላይ ከማስጻፍ አትፈሪ፤ ሰዓት መጠየቅ ስንፍና አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንደሚባለው፣ የቤት ሥራም ለአንዲት ልጅ ሸክም፣ ለቤተሰብ ሁሉ ግን የአንድነት ምልክት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቅዳሜውም እሑዱም የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሁላችንም ነው ብሎ በሙሉ አፍ መመለስ ይቻላል።